ሽንቷ ስለቀላ ብቻ መድኃኒት አትግዙላት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ሽንት ስመረምር ነው። በስተርጅና የጊኒ ፒግ፣ ያቺ ጅራት የሌላት ጥንቸል መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ፣ ሽንት መርማሪ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጅ ልጄ አንዲት ጊኒ ፒግ ይዞላት መጣ። እሷም ሐልዋ ብላ ስም አወጣችላት። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጅራቷስ?" ብሎ ነው። አሁን በሰፈራችን ሌሎች ልጆችም ማሳደግ ጀምረዋል። ሥራዬ ምን እንደነበር ስለሚያውቁ "አባባ፣ ሽንቷ ቀላ" እያሉ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በጋዜጣችሁ ላይ ይህን እንድታወጡልኝ የፈለግሁትም ለእነሱና ለወላጆቻቸው ነው።

የሰው ሽንት ደፍርሶ ከመጣ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለን ሰዎች ኢንፌክሽን እንጠረጥራለን። የጊኒ ፒግ ግን ደፈርፈር ቢል ጤና ነው። አንጀቷ ከምግብ ያገኘውን ካልሲየም ብዙውን ይወስዳል፤ ከሚያስፈልጋት የተረፈውን ኩላሊቷ በሽንት ያስወጣዋል። አንሶላዋ ላይ ሽንቷ ሲደርቅ ነጭ ነገር የሚተወው ለዚህ ነው። አቼቶ ጠብ ቢያደርጉበት አረፋ ይሠራል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና። ማስለቀቂያውም ያው አቼቶ ነው። የሽንቷ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ደግሞ 8 እና 9 አካባቢ ነው፤ የሰው 6 ገደማ ነው። በሰው ስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ሲነካቸው ቀለም የሚለውጡ ትንንሽ ሳጥኖች ባሉበት የመመርመሪያ ቁራጭ፣ የሚለካ ሰው የፕሮቲኑ ሳጥን አረንጓዴ ቢሆንበት አይደንግጥ። እንዲህ ያለ አልካላይን (አሲድ ያልሆነ) ሽንት ያንን ሳጥን ያሳስተዋል፤ ፕሮቲን ሳይኖር አለ ያሰኘዋል። ጀማሪ ቴክኒሽያኖችም በዚህ ይሸወዳሉ። የሚያሳስበው ነጩ ዝቃጭ ወፍሮ ሲመጣና በጣት ሲዳስሱት እንደ አሸዋ ሲቆረቁር ነው። ያኔ ፊኛዋ ውስጥ ዝቃጭ እየተጠራቀመ፣ ምናልባትም ጠጠር እየተሠራ ነው።

ወደ ቀዩ ልምጣ። በሁዳዴ የሐልዋ አንሶላ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ታየ። አንዷ ጎረቤታችን "አቦ፣ ይሄማ ደም ነው!" አሉ። ሌላዋ "የለም፣ የወር አበባዋ ነው" አሉ። ጊኒ ፒግ የወር አበባ የላትም። ካልወለደች በስተቀር ከሴቷ ደም ከታየ ሁልጊዜ ችግር አለ ማለት ነው፤ ደሙም ከፊኛ ብቻ ሳይሆን ከማህፀን ሊመጣ ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ወጥ ቤቱን ነው። ጾም ስለሆነ ቀይ ስር በየጊዜው ይቀቀላል፤ ልጣጩ ደግሞ የሐልዋ ድርሻ ነው።

ቀይ ስር ብቻም አይደለም። የጊኒ ፒግ ሽንት ውስጥ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም አለ። ሽንቱ ሲወጣ ቢጫ ይሆንና አየር እያገኘው ሲቆይ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ዝገት መልክ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ተነስቶ የደረቀ ነጠብጣብ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ትኩሱን ማየት ነው። ንጹሕ የፕላስቲክ ትሪ ላይ አስቀምጧትና የምትበላው ነገር ስጧት። ታገሱ፣ መልቀቋ አይቀርም። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳቡትና ስትሪፑ ላይ ጠብ አድርጉት። ፖርፊሪንም ሆነ ቀይ ስር የደሙን ሳጥን ወደ አረንጓዴ አይለውጡትም፤ ደም ግን ይለውጠዋል። የሐልዋ ሳጥን ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ቀይ ስሩን ስናቆም ነጠብጣቡም ጠፋ።

እውነተኛ በሽታ ሲሆን ቀለሙ ብቻውን አይመጣም። ስትሸና ትጮኻለች። ጀርባዋን ታጎብጣለች። ጠብ ጠብ እያደረገች ደጋግማ ታምጣለች። ከኋላዋ ትረጥባለች። ምግብ ትተዋለች፤ ይህ ደግሞ በራሱ አደጋ ነው፣ አንጀቷ ባዶ ሆኖ ሲውል ሥራውን ያቆማል። ወንድ ሆኖ እያማጠ ጠብ ካላለለት ግን ጠጠር መንገዱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጠጠሩ የካልሲየም ስለሆነ በራጅ በደንብ ይታያል።

አሁን ወደተናደድኩበት ነገር። የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ጊኒ ፒጉ በእርግጥም ታማ ነበር፤ ደሙ በዓይን ይታያል። ወደ አንድ መድኃኒት መሸጫ ሮጠ። "ለሕፃን የሚሆን ለእሷም አያቅታትም" ተባለና የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ተሰጠው። ልጁም እንደታዘዘው አጠጣት። ተቅማጥ ጀመራትና ሞተች። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ለሐልዋ ፔንስትሬፕ ሊሸጥልኝ ፈለገ። ለበግ የሚወጋው፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበት መድኃኒት ማለት ነው። ከምን እንደተሠራ ስጠይቀው በመሰልቸት አየኝ።

የጊኒ ፒግ አንጀት የሚኖረው በውስጡ ባሉት ደግ ባክቴሪያዎች ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን እነዚህን ይገድላሉ። ቦታውን ክሎስትሪዲየም የተባለው ጎጂ ባክቴሪያ ይወርስና መርዙን ይለቃል። እንስሳዋ በቀናት ውስጥ ታልቃለች። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ፔኒሲሊን ጊኒ ፒግን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1943 ተጽፏል። ፔኒሲሊንን ለሕክምና ያበቁት ሳይንቲስቶች ፍሎሪና ቼይን ኦክስፎርድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1940፣ መድኃኒቱን የሞከሩት በአይጦች ነበር፤ የታከሙትን አዳነላቸው። በጊኒ ፒግ ጀምረው ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጠው ይተዉት እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል። ስንት ሰው የተረፈበት መድኃኒት!

ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ለእሷ ብዙ ጊዜ የሚስማሟት ኮትሪሞክሳዞልና ኤንሮፍሎክሳሲን ናቸው። መጠኑን ግን ሐኪም መዝኗት ይወስን። ይህን ጠቅሼ ስላበቃሁ ተነስቶ በግምት የሚሰጥ እንዳይኖር።

ስለ ምግብ ባጭሩ። ድሬዳዋ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው አልፋልፋ ነው፤ እንስሳዋም ትወደዋለች። ለግልገልና ለእርጉዝ ጥሩ ነው። ለአዋቂ ግን ካልሲየሙ ይበዛል፤ የሣር ድርቆሽ ይሻላታል። ቆስጣም አይብዛ። እንደ እኛ ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ መሥራት ስለማትችል በየቀኑ የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ትፈልጋለች። ዘይቱናም ይሆናል፣ ስኳር ስላለው ትንሽ ብቻ። ውሃችን ማንቆርቆሪያን በኖራ የሚለብጥ ውሃ ነው። እኔ አፍልቼ አስዘቅጥና ከላይ ከላይ እቀዳላታለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ውሃ አይጉደልባት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ሽንቷ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ጠርሙሱን እዩ። ጫፉ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ራሷም መጨነቅ ስለምትጀምር ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጧት።

አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ላምና ስለ ዶሮ ብዙ ይጽፋል፤ ደግ አደረጋችሁ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ከእኛም ሩቅ አይደለም። መምህራኑን ጠይቃችሁ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ የተከለከሉ መድኃኒቶችን በአማርኛ በአንድ ገጽ አስጽፋችሁ ብታወጡልን፣ ቆርጬ በየመድኃኒት መሸጫው ግድግዳ ላይ የማስለጥፈው እኔ ነኝ። ሻጮቹም ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት "ለየትኛው እንስሳ ነው?" ብለው ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ