መርዶ አነጋገር አስተምሪኝ

ይድረስ ላንቺ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እንዲህ ስል ራሴም አፈርኩ። ይቅርታዬን በአንድ ትንፋሽ ብዬው ልለፍ፦ ጠፋሁ፣ አጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ። ስድቡን ሌላ ቀን እቀበላለሁ። ዛሬ ጭንቅ ይዞኛል፤ ለዚህ ነገር ደግሞ ካንቺ ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

እዚህ ዱባይ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንኖረው። አንዷ የማዳጋስካር ልጅ ናት። ዛሬ ከሰዓት እህቷ ደወለችልኝ። እናታቸው አርፈዋል። «ብቻዋን ሆና በስልክ እንዳትሰማው፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እኔን! መርዶ ሲባል ከበር ውጭ ቆሜ የማለቅሰውን!

አንቺን እኮ ነው የሚያስፈልጋት። ሰፈር ውስጥ መርዶ ሲኖር ሽማግሌዎቹ ያላንቺ አይሄዱም ነበር፤ «የሷ አፍ ያረጋጋል» እያሉ። ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ውሃ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። እዚህ ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ያሉኝ አንዲት ፊሊፒናዊትና አንዲት የኢንዶኔዥያ፣ የጃቫ ደሴት ልጅ ናቸው። ሦስታችን ወጥ ቤት ገብተን ተንሾካሾክን። የተከራከርነው በምን መሰለሽ? በየትኛው ቃል እንንገራት በሚለው።

አትሳቂ። ክፍላችን ውስጥ ሞት በየማታው ነው የሚጠራው። የመብራቱ ማጥፊያ ያለው እኔ አልጋ አጠገብ ነው። ለመኝታ ሲደርስ ፊሊፒናዊቷ «ፓታዪን» ትለኛለች፤ ግደይው ማለት ነው። የጃቫዋ «ማቲካን» ትላለች፤ እንዲሞት አድርጊው። የማዳጋስካሯ ደግሞ «ቩኑይ»፤ እሷም ግደይው ማለቷ ነው። እኔ እነሣና መብራቱን ገድዬላቸው እተኛለሁ። ጃቫ ውስጥ መብራት ሲቋረጥ «ማቲ ላምፑ» ነው፤ መብራት ሞተ። ፊሊፒናዊቷ ዕቃ ከእጇ ሲወድቅ «ፓታይ!» ብላ ትጮሃለች፤ እኛ «አለቀልኝ!» እንደምንለው።

መጀመሪያ «ማቲ»ን ስሰማ ደንግጬ ነበር። በግዕዝ ሞተ፣ በዓረብኛ ማተ፣ በዕብራይስጥ ሜት። በቃ ዘመዳሞች ነን ልል ምንም አልቀረኝ። የስድስት ኪሎው የቋንቋ ትምህርት ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። (አንቺ በድምፅ ሕግ ፈተና ላይ አንገትሽን እንደ ሰጎን ያሰገግሽበትን ወረቀት ማለቴ ነው።) የኛ «ም» ከሥሩ ናት፤ የነሱ ግን ቅጥያ ናት። ሥሩ «አታይ» ነው። ከፊቱ «ማ» ሲገባ መሞት ይሆናል፣ «ፓ» ሲገባ መግደል። የማዳጋስካሯ «ማቲ» እና የጃቫዋ «ማቲ» እውነተኛ እህትማማቾች ናቸው። የኛው «ሞተ» መንገድ ላይ የገጠማቸው ባዳ ነው።

ማዳጋስካር ከአፍሪካ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ቋንቋዋ ግን ከእስያ፣ ከቦርኒዮ ደሴት ተሻግሮ የመጣ ነው። ኖርዌጂያዊው የቋንቋ አጥኚ ኦቶ ዳል እ.ኤ.አ. በ1951 እዚያው ቦርኒዮ ከሚነገረው ከማአንያን ቋንቋ ጋር አዛምዶ አሳይቷል። ያው ቃል በሌላ በኩል ፓሲፊክን አቋርጦ ኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ «ማቴ» ሆኗል፣ ሃዋይ ላይ «ት»ዋ «ክ» ሆና «ማኬ»። ማኦሪዎች ሲታመሙም «ማቴ» ይላሉ፤ ውሃ ሲጠማቸውም «ማቴ ዋይ»። በውሃ ጥም ሞትኩ ነው ነገሩ። የጃቫዋ ልጅ ደግሞ «ቩኑ»ን ስትሰማ ወዲያው «ቡኑህ ነዋ!» አለች። በነሱም መግደል ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? ስለ ቃላት ሳወራ ልቤ ትንሽ ይረጋል። ሌላውን ሳስብ ነው ሆዴ የሚላወሰው።

እና ክርክራችን ይሄ ነበር። «ማቲ»ን ጣልነው። ለመብራትም ለዶሮም የሚባል ነገር ለእናት እንዴት ይባላል? የጃቫዋ ልጅ በዚህ በኩል አስተማሪዬ ሆናለች። እነሱ ጋ ለእኩያ «ማቲ» ነው፣ ከፍ ሲል «ፔጃህ»፣ ለሚከበር ሰው «ሴዳ»። አባቷን ስታነሣ «ሴዳ» ነው የምትለው፤ ስለራሷ ግን እንዲህ ብትል ታፍራለች። ልክ እኛ «አረፉ» እንደምንለው፤ ማን ስለራሱ «ሳርፍ» ይላል፣ ቀልደኛ ካልሆነ በቀር። ፊሊፒናዊቷም «ወደ ማዶው ሕይወት ተሻገረ» የሚል አነጋገር አለን አለች።

የማዳጋስካሩን ያገኘሁት ከራሷ ከልጅቷ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አያቷ ስታጫውተኝ «ኑዲማንድሪ» አለች። ቤቱ ገብቶ ተኛ እንደማለት ነው። ድሮ ንጉሥ ሲሞት ደግሞ «ጀርባውን አዞረ» ይባል ነበር። ስለዚህ «ኑዲማንድሪ»ን መረጥን። ግን በኔ አፍ ሲወጣ ምን ይመስል ይሆን? ከመስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ፊሊፒናዊቷ አይታኝ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው አለቀሰች።

አሁን ዋናውን ልጠይቅሽ። ልጅቷ የደጋ ሰው ናት፤ ከአንታናናሪቮ አቅራቢያ። እነሱ ዘንድ «ፋማዲሃና» የሚባል ሥርዓት አለ። ከዓመታት በኋላ መቃብር ይከፈትና አጽሙ ይወጣል፣ በአዲስ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ በትከሻ ተሸክመው በመለከት ይጨፍራሉ። የአያቷን በስልኳ አሳይታኛለች። እኔ ዓይኔን ልሸፍን ስል እሷ ትስቃለች። የጥቅሉን ጫፍ የያዙት እናቷ ነበሩ፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሰው፣ ላብ በላብ ሆነው።

ለቀብሩ አትደርስም። ፈቃዱም፣ የትኬቱ ገንዘብም የለም። አለቃችን ገና ምንም አላለም፤ ይልም አይመስለኝም። ግን አንድ ቀን ለዚያኛው ትደርስ ይሆናል። ይህን መርዶውን ስነግራት ልበላት ወይስ ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው? እኛ ጋ ሰው ካልቀበረ እርሙን አያወጣም። እነሱ ጋ ግን ሁለተኛ ዕድል አለ። ማጽናኛ ይመስለኛል፤ ደግሞ እፈራለሁ። የሰው አገር ሥርዓት ነው፣ ምን አገባኝ?

ነገ የዕረፍት ቀኗ ነው። ጠዋት፣ ሁለቱ ለሥራ ሳይወጡ፣ ቡና አፍልቼ ልነግራት ነው። ጽሑፍ እንዳትልኪ፣ ድምፅ ላኪልኝ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደምትያት ልስማ፤ ሌላውን እወጣዋለሁ።

ያንቺው