ማማው ላይ ለቆማችሁ፣ ቲኬት ለጻፋችሁ፣ ለሁላችሁም ምስጋና

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትናንት ማታ የመጨረሻዋ ገልባጭ ጭነቷን ደፍታ ስትወጣ እያየሁ ቆሜ ነበር፣ ቤት ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ይሄን ሳልጽፍ አልውልም አልኩ።

ለማታውቁኝ፣ ከጎርፉ በኋላ በማዘጋጃ ቤታችን የፍርስራሽ ማንሳቱን ካስተባበርነው ሰዎች አንዱ ነኝ። ውሃው ሲጎድል ሰው ያለውን ሁሉ እያወጣ በሩ ላይ ከመረው፣ ፍራሽ በሉት ቁምሳጥን በሉት፣ የልጅ ጫማ ሳይቀር፣ ሁሉም ጭቃ በጭቃ ሆኖ። መጀመሪያ የሰራነው ክምሩን ወደ ዳር ገፍቶ አምቡላንስ ሚያልፍበት መንገድ መክፈት ብቻ ነበር፣ ማንሳቱ ከዛ በኋላ ነው የመጣው፣ እና እስከዛ ድረስ በዛ ሽታ መሀል የታገሳችሁን ነዋሪዎች በሙሉ ክበሩልን። ሾፌሮች፣ የሎደርና የኤክስካቫተር ኦፕሬተሮች፣ እናንተንማ ህዝቡ በአይኑ አይቷችኋል፣ እድሜ ከጤና ይስጣችሁ።

እኔ ግን ዛሬ በተለይ ማመስገን ምፈልገው ማንም ፎቶ ያላነሳቸውን ተቆጣጣሪዎች ነው። ስራቸው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። እያንዳንዱ መኪና ስራ ሳይጀምር የጭነት ሳጥኑ በሜትር ይለካል፣ ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሚይዝ ተጽፎ ቁጥር ይለጠፍበታል። ሚጫንበት ቦታ አንዱ ተቆጣጣሪ ቲኬት ይከፍታል፣ የመኪናው ቁጥር፣ ሰአቱ፣ መንገዱ፣ የተጫነው ነገር አይነት። ማራገፊያው ጋ ደሞ ሌላው ማማ ላይ ቆሞ ከላይ ወደ ታች እያየ ስንት በመቶ ሞልቷል ብሎ ይፈርዳል፣ ክፍያው በሱ ነው ሚሰላው። 40 ሜትር ኪዩብ ሚይዝ መኪና 70 በመቶ ሞልቶ 100 ተብሎ ቢጻፍ የህዝብ ገንዘብ በአንድ ምልልስ ለ12 ሜትር ኪዩብ አየር ተከፈለ ማለት ነው። ሲወጣም ባዶ መሆኑ ይታያል፣ ምክንያቱም ስር የቀረ ነገር ካለ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይቆጠራል።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ዝናብ ነው፣ ማማው ላይ ያለችው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች፣ አንድ ሾፌር መጣ፣ ጭነቱ ከታች ለሚያየው ጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለለ ነው ሚመስለው፣ እሷ 65 ብላ ጻፈች። ሰውዬው ጮኸ፣ ደክሞታል፣ አልፈርድበትም። ልጅቷ መልስ አልሰጠችውም፣ ወርዳ መጣችና "ወንድሜ አንዴ አብረን እንውጣ" አለችው። ወጥተው አዩ፣ ዳር ዳሩ ነው እንጂ መሀሉ ጎድጓዳ ነበር። ዝም ብሎ ቆየና "ልክ ነሽ እህቴ" አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ መሀሉን ሙሉልኝ ብሎ ኦፕሬተሩን የሚለምነው እሱ ሆነ።

እኔም ይቅርታ አለብኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ላይ "ሰው በሽታ ሊፈጀው ነው፣ ቆጠራውን ትተን ዝም ብለን እናንሳ" ያልኩት እኔ ነኝ። የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ተቃወመኝ፣ ያልተጻፈ ጭነት በኋላ ማንም አይከፍልልንም አለ፣ ተናደድኩበት። አሁን ወጪውን የሚተካልን አካል መርማሪዎቹን ልኮ ቲኬት ከፎቶ ከጂፒኤስ ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክሩ ሳይ ያ ሰው እንዴት እንዳዳነን ገባኝ። ጋሼ፣ ልክ ነበሩ፣ በሰው ፊት ነው ምለው።

ነዋሪዎች፣ ለይታችሁ ስላወጣችሁ ደሞ ምስጋናዬ ሌላ ነው። እንጨት ለብቻ፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ለብቻ፣ ቀለምና ባትሪ ለብቻ፣ ፍሪጅ ለብቻ። ፍሪጅ ከመጨፍለቁ በፊት ጋዙ በባለሙያ መውጣት አለበት፣ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ ግንባታ እቃ) ያለበት ጣራ ደግሞ ውሃ እየተረጨ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ሚነሳው፣ ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ጠቅላላ ጭነቱ አደገኛ ይሆናል። ጃፓን ውስጥ ሂጋሺማትሱሺማ የምትባል ከተማ ከ2011ዱ ሱናሚ በኋላ ፍርስራሿን በእጅ ሳይቀር ለይታ 97 በመቶ ገደማውን መልሳ ለጥቅም አውላዋለች፣ እኛ እዛ አልደረስንም ግን የዛፍ ቅርንጫፉ ክምር ተፈጭቶ ያን ያህል ሲያንስ ስታዩ ያ የእናንተ እጅ ነው። አንዲት እናት የቀለም ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ክዳናቸውን ጨርቅ እያሰሩ ዳር ሲያስቀምጡ አይቻቸዋለሁ፣ የራሳቸው ቤት ግድግዳ እንኳን ገና እርጥብ ነበር።

ማራገፊያ ያደረግነው ሜዳ አፈሩ ይመረመራል፣ ንጹህ ነው ሲባል ለልጆቹ እንመልሰዋለን፣ እስከዛ አታስገቧቸው አደራ።

በመጨረሻው ሳምንት ማታ ማማው ስር ስንቀጠቀጥ አይተህ የዝናብ ጃኬትህን አውልቀህ የሰጠኸኝ ሾፌር፣ ስምህን እንኳን ሳልጠይቅህ ነው የሄድከው። አጥቤ ቢሮ አስቀምጬልሃለሁ፣ መጥተህ ውሰድ፣ እኔም በደንብ ላመስግንህ።