«ከመቶ አንድ» የተባለው ቁጥር የማን ነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የአሜሪካ ኮሌጆች የቤት ሥራቸውን ቻት ጂፒቲ በተባለው ጽሑፍ በሚጽፍ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚያሠሩ ተማሪዎችን እንዴት እንደሚይዙ ያወጣችሁትን ዘገባ መጀመሪያ በንዴት፣ ቀጥሎም ያለፈኝ መስመር ይኖር እንደሆነ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ያለፈኝ ነገር የለም። ዘጋቢያችሁ በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ ከሰው ጽሑፍ ስለሚለየው ሶፍትዌር «ሶፍትዌሩ የሚሳሳተው ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ ጽፏል፤ ማን እንዳለው ግን አልጻፈም። ዝቅ ብሎ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ስደተኛ ተማሪዎች ወደ ማሽኑ እንደሚሸሹ ይነግረናል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አጋጥሞ ያነበበ ሰው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ሐበሻ ተማሪ ከተከሰሰ አጥፍቷል ማለት ነው።

ከመቶ አንድ የሚለው ቁጥር የሻጩ ነው። ተርኒቲን የተባለው ኩባንያ መለያ ሶፍትዌሩን እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ ሲያቀርብ ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ተናገረ። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ሂሳብ ሠራ። በ2022 ተማሪዎቹ በተርኒቲን በኩል ያስገቧቸው ጽሑፎች 75,000 ነበሩ፤ ስህተቱ ሻጩ ባለው ልክ ቢሆን እንኳ 750 ያህል ጽሑፎች ያለ አግባብ የማሽን ሥራ ሊባሉ ይችሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በነሐሴ 2023 መለያውን ዘጋው። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይም የራሱን መለያ በትክክል አይለይም ብሎ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ አንስቶታል። የማሽኑ ባለቤት የማሽኑን ጽሑፍ መለየት ካቃተው፣ ዘጋቢያችሁ ያንን እርግጠኝነት ከየት አገኘው?

ይህ ሁሉ ግን የነገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። እኔን ያስቆጣኝ ስህተቱ በሁሉም ላይ እኩል የማይወድቅ መሆኑ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሰባት መለያዎችን ፈተኑ። የሰጧቸውም ቻይናውያን ተማሪዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶችና የአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል ልጆች የጻፏቸውን ድርሰቶች ነበር። የአሜሪካውያኑን ልጆች ሥራ መለያዎቹ ከሞላ ጎደል በትክክል የሰው ነው አሉ። ከቶፍል ድርሰቶቹ ግን በአማካይ ከመቶ 61 ያህሉን የማሽን ነው ብለው ፈረዱ፤ ከ91ዱ 18ቱን ደግሞ ሰባቱም በአንድ ድምፅ ኮነኑ። ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ ድርሰቶች ለቻት ጂፒቲ ሰጥተው ቃላታቸውን እንዲያሳምር ሲያደርጉ ጥርጣሬው በእጅጉ ቀነሰ። ራሱ የጻፈው ይከሰሳል፣ በማሽን ያስዋበው ያልፋል!

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። መለያው የሚመዝነው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ ሊገመት እንደሚችል ነው። የሚገመት ቃል የበዛበት ጽሑፍ የማሽን ይባላል። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን የተማርነው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆኖብን፣ የሰዋስው ሕጉን ሸምድደን፣ የድርሰት መግቢያና መደምደሚያ እንዴት እንደሚጻፍ መምህራችን በሰጡን ቅርጽ ተለማምደን ነው ያደግነው። ዓረፍተ ነገራችን አጭርና ጥንቁቅ የሆነው ላለመሳሳት ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ዛሬ የማጭበርበር ምልክት ሆኖ ተቆጠረብን።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ ቀን ነርሲንግ እማራለሁ። ስለ አረጋውያን እንክብካቤ የጻፍኩት ድርሰት ሶፍትዌሩ የማሽን ነው ስላለ ብቻ ዜሮ ተሰጠው። ረቂቁን በእጄ የጻፍኩበትን ደብተር ይዤ ሄድኩ፤ መምህሯ ገልጠው አላዩትም። ስለ ድርሰቱ ይዘት አንድ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አያቴን አስታምሜያለሁ፤ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ። ጉዳዩ ወደ ዲኑ ቢሮ ተመራ። ውጤቴ ቢወድቅ የፌዴራል የትምህርት ድጎማዬ ሊቋረጥ ይችላል በሚል ፍርሃት እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ። በመጨረሻ በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ተዘጋ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ያየሁትን ስህተት ሳላርም የማልፍበት ጊዜ አለ፤ አጥርቼ ከጻፍኩ ስለምጠረጠር። ለትምህርት ከፍሎ የመጣ ሰው ሆን ብሎ አበላሽቶ እንዲጽፍ የሚያስገድድ አሠራር ምን ይባላል?

ማጭበርበር የለም አልልም። አለ፤ በክፍሌም አይቻለሁ፤ መምህራንም የማያልቅ ጽሑፍ ሲያርሙ እንደሚውሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ተማሪውን ጠርቶ ስለ ሥራው ማነጋገር፣ ረቂቁን ማየት፣ ክፍል ውስጥ ማስጻፍ ይቻላል። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በየካቲት 2025 ቻት ጂፒቲን ከ460,000 ለሚበልጡ ተማሪዎቹ እንደሚያቀርብ አስታውቋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሰው ሰራሽ አስተውሎት በትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ ትእዛዝ ፈርመዋል። አገሩ ማሽኑን በአንድ እጁ እያደለ በሌላው ሲከስስ፣ ዘገባችሁ ከከሳሾቹ ጋር ብቻ ቆሞ ተከሳሾቹን ሳያነጋግር መውጣቱ ያሳዝናል። የምታገለግሉት የእኛን ማኅበረሰብ ነው፤ ልጆቻቸውን ኮሌጅ የላኩ ወላጆች ያንን ዘገባ አንብበው የገዛ ልጃቸውን ይጠራጠራሉ።

ስለዚህ ዘገባው ይታረም። ከመቶ አንድ የሚለው ቁጥር የሻጩ መሆኑ ይጻፍ፤ የስታንፎርዱ ጥናትም ይጠቀስ። ዘጋቢያችሁም በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኮሌጆችን በሶፍትዌር ውጤት ብቻ ከተከሰሱት መካከል እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ስንት እንደሆኑ ይጠይቅ። ደብተሬንም የዲኑን ቢሮ ደብዳቤም ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻዬ በቢሯችሁ አለ።

የነርሲንግ ተማሪ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ