ለእንጨት ፈረሶቹ እጃችሁን ዘርጉልን

ነገር ሳላበዛ ልናገር፤ ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። በመናፈሻችን ያለው አሮጌው ካሩሰል፣ ልጆቹ «የሚዞሩት ፈረሶች» የሚሉት፣ በእንጨት ፈረስ ተቀምጠው የሚዞሩበት መጫወቻ፣ ዘንድሮ ካልተጠገነ በሚቀጥለው ወቅት ላይከፈት ይችላል።

በቅርቡ፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ከጓደኛዬ ጋር ሄጄ ነበር። ሰው ስላልነበረ እንደ ልባችን መረጥን። እሷ በውጭኛው ረድፍ የቆመውን ጥቁር ፈረስ ያዘች፤ እኔ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ከፍ ዝቅ የሚለውን ግራጫ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፈረስ ሲያማርጡ ማየት ያስቃል፤ ይሳቅብን። ስንወርድ ግን የጥቁሩን እግር አየነው። ከሰኮናው ከፍ ብሎ በሽቦ ተጠምጥሟል። ከሽቦው ሥር ያለው ስንጥቅ ጥፍር ያስገባል። ቀለሙ በተላጠበት በኩል ከጥቁሩ ሥር ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር ቀይ ብቅ ብሏል። ጓደኛዬ «ይሄን ሁሉ ደራርቦም በርዶታል» አለች።

የውጭኛው ረድፍ ፈረሶች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ዝቅ አይሉም፤ በእግራቸው ነው የሚቆሙት። ስለዚህ የእግር ስንጥቅ ቀላል ነገር አይደለም። ፈረሶቹ ከአንድ ግንድ የተጠረቡም አይደሉም። ሆዳቸው ባዶ ሳጥን ነው፤ ጣውላ ከጣውላ ተጣብቆ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀረጸው። ጭንቅላትና እግር ለብቻቸው ተሠርተው ይገጠማሉ። የድሮ አናጺዎች ሙጫውን ከእንስሳት ቆዳ ነበር የሚቀቅሉት፤ እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል። እንጨቱም በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። የምንቸኩለው ለዚህ ነው። ከጣሪያው ሥር ፈረሶቹን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ እንደ መኪና ኮሎ ጎበጥ ጎበጥ ያለው ብረትም ቅባትና አዲስ ኩሽኔታ ይፈልጋል። እሱ እንኳን ለመካኒክ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

«ለምን በፋይበርግላስ አትተኩትም?» የሚሉን አሉ። በዋጋ ይረክሳል፣ አልዋሽም። ግን የተነሳው ፈረስ የት ይሄዳል? ባለፈው ክፍለ ዘመን ስንትና ስንት ካሩሰል ፈረሶቹ አንድ በአንድ ለጨረታ እየወጡ፣ ሰብሳቢ እየገዛቸው ተበትኗል። አንዴ ከተበተነ መልሶ የሚያሰባስበው የለም። ቀለሙንም ቢሆን ዝም ብሎ ልጦ እንደገና መቀባት አያዋጣም። በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በርሊንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራ ካሩሰል አላት። በ1930ዎቹ የችግር ዘመን ተዘግቶ ቤቱ የመኖ መጋዘን ሆኖ ነበር። ዛሬ 46ቱ እንስሳት የመጀመሪያ ቀለማቸውን እንደያዙ ይዞራሉ። ያን ቀለም ያተረፈው ትዕግስት ነው፤ የላዩን ንብርብር ቀስ እያሉ ማንሳት። ትዕግስት ደግሞ የባለሙያ ሰዓት ነው፣ ሰዓቱም ይከፈልበታል። ከምንሰበስበው አብዛኛው የሚሄደው ለዚሁ ነው።

«ድር ቢያብር» እያልን ተረት አንደረድርባችሁም፤ የተደረገውን ማየት ይበቃል። እዚያው አሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት ባለችው ሚዙላ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተውን ካሩሰል ፈረሶች የቀረጹት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ተማሪዎች ሳንቲም አጠራቅመው ፈረስ በማደጎ ወስደዋል። እኛም ይህንኑ ልንሞክር ነው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ክፍል ተማሪ ወይም አንድ የጓደኛሞች ቡድን አንድ ፈረስ መርጦ የጥገና ወጪውን ይሸፍናል። ጥቁሩ ተይዟል፤ ማን እንደያዘው ገምቱ። ሙሉ ፈረስ ከከበዳችሁ ጆሮ አለ፣ ልጓም አለ፣ ከእውነተኛ የፈረስ ፀጉር የሚሠራ ጭራ አለ። ትንሽ ነው ብሎ የሚያፍር እንዳይኖር።

ገንዘብ የሌለው እጁን ይስጠን። አናጺ፣ ቀለም ቀቢ፣ ኤሌክትሪሻን እንፈልጋለን። ፈረሶቹ ተነቅለው ሲጓጓዙ የሚሸከምም ያስፈልጋል፤ ሲያዩአቸው ቀላል ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

ገንዘቡ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይወጣም። ገቢና ወጪው በየወሩ መናፈሻው በር ላይ ይለጠፋል፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ቅር አይለንም። ካሩሰሉ ለብርዱ ወራት ሲዘጋ ሥራው ይጀመራል። እስከዚያ መዋጮአችሁን በትኬት መሸጫው መስኮት መስጠት ትችላላችሁ። ፈረስ በማደጎ የሚወስድም እዚያው ይመዝገብ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።