የስቴት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከደብዳቤ በላይ ሥልጣን አለው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

እዚህ አሜሪካ በመኪና ብድር ወይም በገንዘብ ማስተላለፊያ የተበደለ ወገናችን «ለስቴቱ ባመለክት ምን ያደርግልኛል?» እያለ ነገሩን ይተወዋል። አበዳሪዎችንና ገንዘብ አስተላላፊዎችን የሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ ዝም የሚል ይመስለዋል። ስህተት ነው፤ ፍርድ ቤት ቆሞ መክሰስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዶድ ፍራንክ የተባለው የፌዴራል የፋይናንስ ማሻሻያ ሕግ ክፍል 1042 የስቴት ተቆጣጣሪዎች በስቴት ፈቃድ የሚሠሩ አበዳሪዎችን በፌዴራሉ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንዲከሱ ይፈቅዳል። ክሱን ከማቅረባቸው በፊት ቅጂውን ለፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ መላክ አለባቸው። ቢሮው ከፈለገ ወደ ክርክሩ ይገባል፤ ባይገባም ስቴቱ ብቻውን ይቀጥላል። ቢሮው ቀድሞ የጀመራቸውን በርካታ ክሶች በ2025 በመተዉ ይህ ሥልጣን ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ሥልጣኑ ምን እንደሚሠራ በኒው ዮርክ ታይቷል። የስቴቱ የፋይናንስ አገልግሎቶች መምሪያ በኤፕሪል 2014 ኮንዶር ካፒታል የተባለውን የመኪና ብድር ድርጅት ከሰሰ። አንድ ደንበኛ ከዕዳው በላይ ቢከፈልለት፣ ለምሳሌ መኪናው ተጋጭቶ ኢንሹራንሱ ብድሩን ዘግቶ ቢተርፍ፣ ትርፉ የደንበኛው ነው። ድርጅቱ ግን ይህን ይደብቅ ነበር፤ ጭራሽ ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ሂሳቡን እንዳያይ የድረ ገጹን መግቢያ ይዘጋበት ነበር። በሜይ ወር ዳኛዋ እግድ ሰጥተው ንብረት ጠባቂ ሾሙበት። በዲሴምበር ድርጅቱ የሰዉን ገንዘብ ከ9 በመቶ ወለድ ጋር ሊመልስ፣ 3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍልና ፈቃዶቹን ሊያስረክብ ተስማማ። የሚመለሰው ገንዘብ ከ8 እስከ 9 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር።

ወሳኙ ንብረት ጠባቂው ነው። ተቆጣጣሪው በራሱ ሥልጣን «አቁም» ብሎ ቢያዝ፣ ድርጅቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ገንዘቡን ሊያሸሽ ይችላል። ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ግን መዝገቡንም ሂሳቡንም ይረከባል፤ እግዱን የጣሰም ፍርድ ቤትን በመድፈር ይጠየቃል። የቨርጂኒያው አሠራር ደግሞ ለየት ይላል። እዚያ የፋይናንስ ተቋማት ቢሮ ያለበት የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ራሱ የፍርድ ቤት ሥልጣን አለው፤ ይግባኙም በቀጥታ ለስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ብዙ አቤቱታ የሚባክነው ወደተሳሳተ ቢሮ ስለሚሄድ ነው። ከባንኩ ስም ኋላ «ኤን ኤ» የሚሉ ፊደላት ካሉ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ኦሲሲ (OCC) የተባለው የፌዴራል የባንክ ተቆጣጣሪ ቢሮ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 በኩሞ እና በክሊሪንግ ሃውስ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ስቴት እንዲህ ያለውን ባንክ በራሱ ትዕዛዝ «መዝገብህን አምጣ» ሊለው አይችልም፤ የስቴቱን ሕግ ለማስከበር ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍርድ ቤት ሊከሰው ይችላል። የአበዳሪውን ወይም የገንዘብ አስተላላፊውን ፈቃድ «ኤንኤምኤልኤስ ኮንሲዩመር አክሰስ» በተባለው ነፃ ድረ ገጽ ፈልጉ። ሜሪላንድ የምትኖሩ ለፋይናንስ ቁጥጥር ቢሮው፣ ዲሲ የምትኖሩ ለኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንክ መምሪያው አመልክቱ።

በስልክ ብቻ አታመልክቱ። የውሉን ሙሉ ቅጂ፣ የክፍያ ታሪኩን፣ ብድሩ ሲዘጋ የተሰጠውን ደብዳቤ፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አያይዙ። ተቆጣጣሪ የሚከሰው ተመሳሳይ በደል በብዙ ሰው ላይ መፈጸሙን ሲያይ ነውና ቀንና መጠን የሌለው አቤቱታ አይረዳውም። በውላችሁ ላይ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት ብቻ ይታያል የሚል አንቀጽ ቢኖርም አትፍሩ፤ ያ እናንተን እንጂ ውሉን ያልፈረመውን ተቆጣጣሪ አያስርም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተቆጣጣሪው የእናንተ ጠበቃ አይደለም፤ አቤቱታ ማስገባትም ራሳችሁ ክስ የምታቀርቡበትን የጊዜ ገደብ አያቆምም። አበዳሪው ከሶ መጥሪያ ከደረሳችሁ፣ በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የመከላከል ሐሳባችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስገባት አለባችሁ። «ለስቴቱ አመልክቻለሁ» ብሎ የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ