የፈንድሻው ማሽንና ያንቺ ምጣድ

ጎንደር፣ ግንቦት 14

እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ደረትሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ዶሮዎችሽ እንቁላል መጣል ጀምረዋል።

ባለፈው በስልክ «ቡና የማልቆላበት ቤት ገብቼ ምን ልሠራ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እህቴ ደግሞ «ሐኪሙ ጭስ እንዳትቀርቢ ብሏታል፣ እዚሁ አዲስ አበባ ትቀመጥ» ትላለች። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ግን በመሃል አንድ ነገር ስሞክር ከረምኩ። በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እማዬ፣ ቡና በፈንድሻ ማሽን እየቆላሁ ነው።

ስቀሽ ጨርሺ፣ እጠብቅሻለሁ።

ታናሼ ከአሜሪካ የላካትን ማሽን ታስታውሻለሽ? ዘይት የማትፈልገዋን፣ በሙቅ አየር ብቻ የምታፈነዳዋን። ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ስትጠጣ የኖረችውን። «እዚህ ቡና የሚቆሉባት ሰዎች አሉ» ሲለኝ አወረድኳትና ሰካኋት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን ማን አስቦት! እንደ ንብ ጮኸች፣ ብልጭ አለች፣ አበቃ። ቤቱ ሁለት ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። አደራ፣ ለታናሼ እንዳትነግሪው። 220 የተጻፈባትን ሌላ ማሽን ፒያሳ ገዛሁ። ስገዛ ሆዷን አየሁ። አየሩ ከጎን በኩል የሚነፍሰው ፍሬውን ያዞረዋል፣ እሱ ይሻላል። ከታች በወንፊት የሚነፍሰው ላይ ግን ገለፈት ተጠራቅሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የምቆላው በረንዳ ላይ ነው። ሁለት ሲኒ ጥሬ ቡና፣ በሚዛን 90 ግራም ገደማ እጨምራለሁ። ከዚያ ከበለጠ ማሽኗ አትችለውም። መጀመሪያ እንዳንቺ አጥቤ ነበር የጨመርኩት፤ እርጥቡ ቡና ከብዷት አልነቃነቅ አለ። አሁን አጥቤ ፀሐይ ላይ በደንብ አደርቀዋለሁ። ደርቆም ቢሆን ጥሬ ቡና መጀመሪያ ላይ ይከብዳታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ በማማሰያው እጀታ አማስለዋለሁ። ውኃው እየወጣ ሲቀለው በራሱ ይዞራል። 90 ግራም የገባው 76 ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ ገለፈቱ ይነሳል። ያንቺን የዘጌ ቡና ነው የምጠቀመው፤ ከነሥጋው የደረቀ ስለሆነ ገለፈቱ ብዙ ነው። ማሽኗ እፍ እያለች ግቢውን ጤፍ የተነፈሰበት አውድማ አስመሰለችው። ዶሮዎችሽ እህል መስሏቸው ተሯሯጡ። ቀምሰው ተዉት።

አራት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ፍሬው ይንጣጣል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ነው የሚያፈነዳው። ድምፁ ወፈር ያለ ነው፣ እንደ ፈንድሻው። ከዚያ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ይመጣል፦ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ፣ እሳት ላይ እንደ ወደቀ ጨው። አንቺ «ወዙ ወጣ» የምትይው እዚህ ጋ ነው። አንድ ደቂቃ ከዘነጋሽው ከሰል ነው የምታወጪው። ስታወጪውም በራሱ ግለት መቆላቱን አይተውም፤ ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጬ አንገዋልላለሁ። ወንድ ልጅሽ ሰፌድ ይዞ ሲያንገዋልል አስቢው። የታችኛው ቤት እትዬ በአጥር አይታኝ እልል አለች።

እንከኗንም ልንገርሽ። መብራት ሲደክም ማሽኗም አብራ ትደክማለች። ማታ ማታ ቡናው አሥር ደቂቃ ቆይቶም አይንጣጣም፣ ደርቆ ብቻ ይቀራል፣ ሲጠጣ ጭድ ጭድ ይላል። ስለዚህ ጠዋት ነው የምቆላው። አንድ ቀን መሃል ላይ መብራት ሄደብኝ። ግማሽ የተቆላውን ይዤ ወዴት ልሂድ? ምጣድሽን አውርጄ፣ ደጅ ከሰል አቀጣጥዬ ጨረስኩት። ሁለት ዙር ከቆላችም በራሷ ትጠፋለች፣ እስክትቀዘቅዝ መጠበቅ ነው።

ትልቁ ችግር ጩኸቷ ነው። ጎረቤቶች ሲሰበሰቡ አስነሳኋት። አንዷ «ይሄ የፀጉር ማድረቂያ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ የሚሰማ የለም። ሐሜቱ ተቋረጠ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለው እርስ በርስ ሲተያዩ አይቼ አላውቅም።

ሌላው ቅሬታ ሽታው ነበር። «ጢሱ ካልዞረ ምን ቡና ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሁን ቡናው ትኩስ እንዳለ ከሰፌዱ ወደ ምጣድሽ እገለብጥና አዞረዋለሁ። በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳብ ሳብ አድርገው ይመርቁኛል። ላንቺ ሲሆን ከሩቅ ነው፤ መቆላቱ በረንዳ ላይ፣ አንቺ ውስጥ። ማሽኗም ቢሆን ቡናው ሲጠቁር ታጨሳለች፣ አልዋሽሽም። የሚቀርልሽ የከሰሉ ነው፤ በዝግ ቤት የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ጤነኛም ይገድላል። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። ዕጣኑን በር ላይ እናጨሰዋለን። ስለ ዕጣኑ እንደምትቆጪ አውቃለሁ።

«እናቶቻችን ያላደረጉትን» እንዳትይኝ ብቻ። ቤተ ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቡና መጠጣትን ትከለክል ነበር። ስለዚህ የቅድመ አያትሽ እናት ይሄን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትይውን ብታይ «ልጆቼ እስላም ሆኑ!» ብላ ነበር የምትጮኸው። እኛ ደግሞ ዛሬ ያለሱ ቤት ቤት አይመስለንም።

መውቀጫውን አልነካሁትም። ሙቀጫሽም ዘነዘናሽም ቦታቸው ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ግማሽ ኪሎ ቆልቼ ልኬልሻለሁ፤ ሰባት ዙር ፈጀብኝ። ፌስታሉ ተነፍቶ ብታይው እንዳትደነግጪ፤ የተቆላ ቡና ጥቂት ቀን ጋዝ ያወጣል። አንዱ ዙር ትንሽ አሮብኛል፣ የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም።

አፍልተሽ ጠጪና እውነቱን ንገሪኝ። እህቴን ሳይሆን አንቺን ነው የጠየቅኩት፤ እሷ ይሉኝታ አላት። ከወደድሽው ክረምቱ ሳይገባ መጥቼ እወስድሻለሁ። ካልወደድሽውም እወስድሻለሁ፣ ግን ሌላ ማሽን እፈልጋለሁ።

ልጅሽ