ላፕቶፕሽ ተነሳ፣ ድምፆቹም አሉ

እህትዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማሽ ወይስ አሁንም የደብረ ብርሃን ብርድ ይሻለኛል ትያለሽ? እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬም መሐል ሜዳ አለች፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ገብሷን ራሷ ነው የምትቆላው። ሄጄ በገባሁ ቁጥር "ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች" ትለኛለች፣ እኔም ሳላውቅ "ደህና ናት" እላታለሁ።

ዝም ያልኩሽ በሌላ በምንም አይደለም፣ በላፕቶፕሽ ነው። ይሄን መጀመሪያ ልንገርሽ። በ2012 ስትሄጂ "ስራ እስክታገኚ ተጠቀሚበት፣ ውስጡ ያለውን ብቻ እንዳትነኪብኝ" ብለሽ የሰጠሽኝ ላፕቶፕ በ2014 ክረምት አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለ። መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳያየው ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳው፣ ተቃጥሏል አለኝ። ሌላ ጋ ስወስደው ደግሞ "ሃርድ ዲስኩን ፎርማት እናርገውና አዲስ ዊንዶስ እንጫንበት" አሉኝ፣ ውስጡ ያለውስ ስላቸው "እሱማ ይጠፋል" አሉ፣ ተቀብያቸው ወጣሁ። አንቺ ደግሞ በዛው ሳምንት ደውለሽ የጓሳዎቹን ቅጂዎች፣ እዛ መንዝ ሳር ሜዳው ላይ ሰዎቹ ሲያወሩልሽ የቀዳሻቸውን ድምፆች፣ ላኪልኝ አልሽኝ። እሺ እልካለሁ አልኩሽ። ለምን እንደዛ እንዳልኩ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ። ሁለተኛ ስትደውይ አላነሳሁም፣ ሶስተኛም አላነሳሁም፣ ከዛ በኋላ መደወል እየከበደኝ እየከበደኝ ሄደ። በ2015 መጨረሻ በእኛ በኩል ኔት ሲጠፋ ደግሞ በውስጤ እሰይ እንኳን ጠፋ አልኩ፣ ማመካኛ አገኘሁ። ይሄን ስጽፍልሽ አፍሬ ነው።

ላፕቶፑን እማዬ ጋ ወስጄ ሳጥን ውስጥ ከባናው፣ ከሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ስር አስቀመጥኩት። እንዳላየው ነው።

ዘንድሮ ለጥምቀት ስሄድ እማዬ ባናውን ለማናፈስ ሳጥኑን ስትከፍት ወጣ። "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ። ያንቺ ነው አልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳት። "ታዲያ የሰው አደራ ሳጥን ውስጥ ይከረማል እንዴ?" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። በማግስቱ በባናው ጠቅልዬ ይዤው ተሳፈርኩ። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእርምጃ ነው የሄደው፣ እኔ ላፕቶፑን እንደ ህፃን አቅፌ ተቀምጫለሁ።

ጎረቤታችን አንድ ልጅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር። እቤት እንደገባሁ ልሰካው ስል "እትዬ እንዳትሰኪው!" ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ብርድ ውስጥ የከረመ እቃ ሙቅ ቤት ሲገባ መነፅር እንደሚጤሰው ሁሉ እላዩም ውስጡም ላይ እርጥበት ይይዛል፣ በዛ ላይ ኤሌክትሪክ ከለቀቅሽበት ያልተበላሸውን ታበላሺዋለሽ። እስከ ነገ ተከድኖ እንደተጠቀለለ ይደር አለ። አንዳንዱ ሰው የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ፍሪጅ ውስጥ ከተት አርጉት ይላል፣ እሱ ምክር ሰው ያጠፋል ይላል ልጁ፣ በዚሁ በእርጥበቱ ምክንያት። አደረ።

በማግስቱ ከቻርጀሩ ጀመርን። ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት ይላል፣ በቴስተር ሲለካው 19 ምናምን አለ፣ ደህና ነው። ባትሪውን አወጣ፣ ቻርጀሩንም ነቀለ፣ ከዛ ማብሪያውን ተጭነሽ ሰላሳ ቁጠሪ አለኝ፣ ውስጡ የቀረችው ኤሌክትሪክ እንድትወጣ ነው። አንዳንዱ በዚችው ብቻ ይነሳል አለ። ያንቺ አልተነሳም። ስክሪኑ ላይ የስልክ ባትሪ አበራበት፣ ደብዘዝ ያለ ነገር ከታየ የስክሪኑ መብራት ነው የሞተው ማለት ነው፣ ምንም የለም። ከቴሌቪዥን ጋር በኬብል አገናኘው፣ ምንም የለም። እኔ በቃ ማዘርቦርዱ ነው ያሉት እውነት ነው ብዬ ልቤ ወደቀ።

ከዛ ካቻቢት አመጣና ከስር ያለችውን ክዳን ከፈታት። ራሙን፣ ኮምፒውተሩ ሲሰራ ለጊዜው የሚያስታውስበትን፣ ያዢልኝ ብሎ ሰጠኝ፣ ሁለት ናቸው፣ ጣት የማይሞሉ ቀጫጭን ነገሮች፣ ጠርዛቸው ላይ የተደረደረ የወርቅ ጥርስ የመሰለ አላቸው። አንደኛዋ ጥርሷ ጠቁሯል። የተማሪ ላጲስ ሰጠኝና "ቀስ ብለሽ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ" አለኝ፣ ፈገግኳት፣ ላጲሱ ላይ ግራጫ ነገር ወጣ፣ ፍርፋሪውን በንፁህ ብሩሽ ጠረገው። ከዛ አንዷን ብቻ መልሶ ቀጭ እስክትል ተጫናት። ማብሪያውን አንቺ ተጫኚው አለኝ፣ ተጫንኩት፣ ጥቁር። አወጣት፣ ሁለተኛዋን ከተተ፣ ተጫንኩት። ምን ልበልሽ፣ አርማው ወጣ! ነጭ ብርሃን ፊቴ ላይ! አለቀስኩ፣ ልጁ ደነገጠ። ማዘርቦርድ ምናምን ያሉት ሁሉ አንዲት ራም ነበረች እኮ፣ ሶስት አመት ተኩል ሙሉ ካንቺ የለየችኝ። (ሰዓቱ በፈረንጅ ጥር 1 2012 ይላል፣ የሰዓቷ ክብ ባትሪ አልቃለች፣ ከሱቅ ገዝተን ቀየርናት፣ እሷ ቀላል ናት።)

ግን አላለቀም። ዊንዶሱ ይጀምርና ራሴን እየጠገንኩ ነው ይላል፣ ጠፍቶ ይነሳል፣ እንደገና ያንኑ ይላል። ልጁ ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ለጠፈ፣ ቀጭ… ቀጭ… ትላለች በውስጥ። ወዲያው አጠፋው። ሃርድ ዲስኩ እየደከመ ነው፣ በተነሳ ቁጥር የቀረችውን እድሜ እየበላን ነው፣ ከእንግዲህ በሱ አናበራውም አለኝ። የሚጠግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሄን ቢያውቅ ስንት ሰው ፋይሉ በተረፈለት፣ እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየለመንኩ ነው፣ ኮምፒውተራችሁ ሲበላሽ ፎርማት ልበለው ላላችሁ ሰው እሺ አትበሉ፣ እቃውን ማዳንና ፋይሉን ማዳን ሁለት የተለያየ ስራ ነው እያልኩ።

ሃርድ ዲስኩን አወጣው፣ 500 ጊጋ ናት፣ የእጅ መዳፍ የምታክል። በኬብል ከሱ ኮምፒውተር ጋር ስናገናኛት "ይሄን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት" የሚል መጣ፣ እጄ ሊቀድም ሲል ያዘኝ። እምቢ ነው የሚባለው። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ላይ በኡቡንቱ፣ በዊንዶስ ፈንታ በሚሰራ ሌላ ሲስተም፣ አስነሳውና ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም ከፈተ። ይሄ ነገር ፋይል በፋይል አይደለም የሚቀዳው፣ ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጠዋል፣ ደህናውን ደህናውን መጀመሪያ በፍጥነት ይወስድና እምቢ ያለውን ቦታ ዘሎ ያልፋል፣ በኋላ ተመልሶ ትንሽ ትንሽ እያረገ ይለምነዋል። እኔ አንድ ጤነኛ ሰው ብቻ የሚያስበው ነገር ነው ያልኩት፣ ከደካማ ሰው እኮ እንደዛ ነው የሚጠየቀው። የት እንደደረሰም በትንሽ ፋይል ይመዘግባል። ለሊት መብራት ሄደ፣ እኔ ጉድ ሆንኩ ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ጠዋት መብራት ሲመጣ ልጁ ያንኑ ትዕዛዝ ደገመው፣ ካቆመበት ቀጠለ። ሁለት ለሊትና አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በመጨረሻ ከ500 ጊጋው ያልተነበበው ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው።

ከዛ ዋናውን ሃርድ ዲስክ በጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥነው፣ የሰራነው ሁሉ ግልባጩ ላይ ነው። የመመረቂያ ፅሁፍሽ ተገኘ፣ ይከፈታል፣ ፎቶዎቹም አብዛኞቹ አሉ። የድምፆቹ ፎልደር ግን ባዶ ነበር። ልጁ ተስፋ አትቁረጪ ብሎ ፎቶሬክ በሚባለው ፈለገ፣ እሱ የፋይሉን አይነት ከአጀማመሩ እያወቀ ነው የሚለቅመው፣ ስሙን ግን አይመልስም። አርባ ሶስት የድምፅ ፋይል አወጣ፣ ሁሉም ስማቸው ኤፍ ብሎ ቁጥር ብቻ። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማሁ። ማታ ማታ ከስራ ስመለስ ባናውን ለብሼ፣ ደብተር ይዤ፣ ሶስት ሳምንት።

እህትዓለም አንቺ እኮ አለሽበት። ሲነፋ የሚሰማው የጓሳ ንፋስ አለ፣ ካንቺ ጋር ሆነን ስልኩን በነጠላ ከልለን የቀዳነው። አንደኛው ላይ እኚያ የጓሳው ሽማግሌ፣ አባባ፣ ገመድ እየገመዱ ነው የሚያወሩት፣ የሳሩ ድምፅ በመዳፋቸው መሃል ሽር… ሽር… ይላል፣ ሲያቆሙ ምራቃቸውን እጃቸው ላይ እንትፍ ይሉና ይቀጥላሉ። ስለ ቄሮ፣ ስለ ድሮው የጓሳ አጠባበቅ ስርአት፣ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ ጓሳው ለስንት አመት እንደሚዘጋ፣ ሲከፈት ህዝቡ ሁሉ ባንድ ቀን እንዴት እንደሚወጣ፣ ሳሩ ለቤት ክዳን ለገመድ ለዝናብ መከላከያ ገሳ እንደሚሆን፣ በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ስርአት እንዴት እንደፈረሰ። "ሁሉም የኔ ነው ሲል የማንም ሆነ" ይላሉ፣ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ ገመዱ ብቻ ይሰማል። ከዛ በጣም ቀስ ብለሽ "አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" ትያለሽ። እሷን ስሰማ ላፕቶፑን ከድኜ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አባባ አምና አርፈዋል፣ መሐል ሜዳ ሄጄ ነው የሰማሁት። ልጃቸው የአባቷን ድምፅ ማግኘት እንደምትፈልግ ለእማዬ ነግራታለች፣ ግን ያንቺ ስለሆነ ሳልጠይቅሽ አልሰጠሁም።

አርባ አንዱን ስም ሰጥቻቸዋለሁ፣ ቦታና ቀን ካንቺ ማስታወሻ ጋር እያስተያየሁ። ሁለቱ መሃል ላይ ተቆርጠዋል፣ ቀሪው አልተገኘም፣ ይቅርታ አርጊልኝ። ሁሉንም ሁለት ቦታ ገልብጫለሁ፣ አንደኛው እኔጋ አንደኛው እማዬ ጋ። ጠቅላላው ወደ አስራ አንድ ጊጋ ስለሆነ በዚህ ኔት አይሄድም፣ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ፍላሹን በሱ እልክልሻለሁ፣ ስልክሽ ያው የድሮው ከሆነ ይደውልልሻል። ላፕቶፑንም ከፈለግሽው፣ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጥመንለት እየሰራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። 27ኛው ላይ ሱፍ እየፈተሉ የሚያወሩ እናት አሉ፣ ከኋላ ህፃን ያለቅሳል፣ አንቺ "እማማ" ብቻ ነው የምትያቸው ስም አትጠሪም፣ ማስታወሻሽ ላይም የለም። ቁራጩን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ናት። ስሚያትና ማን እንደሆኑ ጻፊልኝ፣ ፋይሉ ላይ ባዶ የተውኩትን የሳቸውን ስም ልሙላው።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ከደብረ ብርሃን